ከሥዕል ሥራ መኖር፦ በአዲስ አበባ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሰዓሊያን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከቅጥር ውጭ ራሱን ችሎ ከሥዕሉ ለመኖር የሚያስብ ሰው ከቀለምና ከሸራ ጥያቄ ቀድሞ የኪራይ፣ የዋጋ፣ የውልና የግብር ጥያቄ ይጠብቀዋል። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጡ ወጣት ሰዓሊያን፣ ቋሚ ሥራቸውን ለመልቀቅ የሚያመነቱ መምህራንና የግራፊክስ ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም የልጃቸው ምርጫ ያሳሰባቸው ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በዋናነት አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰዓሊ የተጻፉ ቢሆኑም፣ ውልንና የቅጅ መብትን የሚመለከቱት በየትኛውም የአገሪቱ ከተማ ለሚሠራ ያገለግላሉ።

በአገራችን ከሥዕል ብቻ መኖር ይቻላል?

ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከሥዕል ሙያ መኖርና ዓውደ ርዕይ ላይ በሚሸጥ ሸራ ብቻ መኖር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከመነሻው መለየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የተሳካላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን በዚህች ከተማ ረጅም ታሪክ አለው። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን አሣሣል የሠለጠኑ ሰዓሊያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ የአድዋን ጦርነት፣ የግብዣና የአደን ትዕይንቶችን በጨርቅ ላይ እየሣሉ አዲስ አበባ ለሚቀመጡ ዲፕሎማቶችና ለመንገደኞች ይሸጡ ነበር፤ በላቸው ይመር ከእነዚህ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣ ነው። ዛሬ በቸርችል ጎዳና ሱቆች የምናያቸው የብራናና የጨርቅ ሥዕሎች የዚያው ገበያ ተከታዮች ናቸው።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ብንመለከት ደግሞ፣ ኑሯቸውን የመሠረቱት የአንድን ዓይነት ሥራ ገዢ በመጠበቅ አልነበረም። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት፣ በሐረር የቆመውን የራስ መኮንን ሐውልት፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን፣ የፖስታ ቴምብሮችን ሠርተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው በትዕዛዝ የተሠራ ነው። በትዕዛዝ መሥራት ሰዓሊነትን ያሳንሳል የሚለው አስተሳሰብ በወጣቶቻችን ዘንድ ከየት እንደገባ ባላውቅም፣ ብዙ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ከሙያው ሲያስወጣ አይቻለሁና አጥብቄ እቃወመዋለሁ። መምህርነት፣ የመጽሐፍ ሽፋንና የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል፣ የግድግዳ ሥዕል፣ የፊልምና የቴአትር ዝግጅት፣ የቁም ምስል፣ እነዚህ ሁሉ የሰዓሊ ገቢዎች ናቸው። ራሱን ችሎ የሚኖር ሰዓሊ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስቱን ይዞ፣ የራሱን ሥራ በመሐሉ አስጠብቆ የሚሄድ ሰው ነው።

ቋሚ ሥራዬን መቼ ልልቀቅ?

የመጀመሪያው ጥሩ ሽያጭ በተሳካ ማግሥት አይደለም። አንድ ዓውደ ርዕይ በሙሉ ተሸጦ ቀጣዩ አንድም ገዢ ሊያጣ ይችላል። ከመልቀቅዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ፦ የስድስት ወር የቤትና የስቱዲዮ ኪራይ የሚሸፍን ገንዘብ በእጅዎ መኖሩን፣ ከወዳጅ ዘመድ ውጭ የሆኑ ከአንድ ጊዜ በላይ የገዙዎት ሰዎች መኖራቸውን፣ እንዲሁም በየወሩ የሚገባ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ገቢ መያዝዎን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ከተቻለ ሥራውን ወደ ግማሽ ቀን ዝቅ ማድረግ ጨርሶ ከመልቀቅ ይሻላል።

ልጃችን ሥነ ጥበብ ካላጠናሁ ብሏል። ምን እንበለው?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ እናቶችና አባቶች ልጃቸውን የሚጠሉ ሳይሆኑ የነገ እንጀራው ያስጨነቃቸው ስለሆኑ፣ በአክብሮት መመለስ ይገባል። በሠዓሊው አለ ፈለገሰላም አማካይነት በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተውና ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የገባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን ብቻ ሳይሆን ቅርጻ ቅርጽን፣ ግራፊክስንና የሥነ ጥበብ መምህርነትን ጭምር ያስተምራል። ልጁን ይከልክሉት አልልም፤ ከሥዕሉ ጎን ገበያው የሚፈልገውን አንድ ተጨማሪ ችሎታ እንዲይዝ፣ የሒሳብ መዝገብ መያዝንና ውል ማንበብን እንዲለምድ ግን ይምከሩት። እነዚህን ሁለቱን ሰዓሊያን ብዙውን ጊዜ የሚማሩት ከከሠሩ በኋላ ነው።

ለሥዕሌ ዋጋ የማወጣው እንዴት ነው?

ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ስለሆነ መልሱም ረዘም ይላል። ብዙ ጀማሪዎች ዋጋ የሚያወጡት በዚያ ወር ባላቸው ችግር መጠን ነው፤ ኪራይ ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል፣ እጅ ሲያገኝ ይሰቀላል። በዚህ ሁኔታ ባለፈው ዓመት በ40 ሺህ የገዛ ሰው ዘንድሮ ተመሳሳዩ ሥራ በ15 ሺህ ሲሸጥ ካየ፣ ሁለተኛ አይመለስም፤ ለወዳጆቹም አይመክርም።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ በራስዎ ወጪ ይተኳቸው። አንድ ሰዓሊ በወር 80 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሥዕሎችን ይጨርሳል እንበል። ለእያንዳንዱ ሸራ፣ ፍሬምና ቀለም 6 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ ለሦስቱ 18 ሺህ ይሆናል። የስቱዲዮ ኪራይ 12 ሺህ፣ የቤተሰቡ የወር መተዳደሪያ 30 ሺህ ቢሆን፣ በጠቅላላው በወር 60 ሺህ ብር ያስፈልገዋል። ይህን ለሦስት አካፍሎ «የአንዱ ዋጋ 20 ሺህ ነው» የሚል ሰዓሊ ብዙ ነው። ስህተቱ ሦስቱም በወሩ ይሸጣሉ ብሎ መነሣቱ ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ያ አንዱ ሥዕል 60 ሺህ ማስገባት አለበት። ሽያጩ በጋለሪ በኩል ሆኖ ጋለሪው ከመቶ 40 የሚወስድ ከሆነ ደግሞ፣ ሰዓሊው እጅ 60 ሺህ እንዲገባ የሥዕሉ ዋጋ 100 ሺህ ብር መሆን ይኖርበታል። ከሦስቱ ሁለቱ የሚሸጡ ከሆነ ግን 50 ሺህ ይበቃል። እንግዲህ 100 ሺህ ብር የሚለው ዋጋ ለሰሚ ብዙ ቢመስልም፣ ሰዓሊውን ከወር ወደ ወር ከማሻገር ያለፈ ትርፍ የለውም።

ይህ ስሌት ዝቅተኛውን መነሻ ያሳያል እንጂ ገበያው ያንን ዋጋ ለመክፈሉ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ በተመሳሳይ የልምድ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዓሊያን ዓውደ ርዕዮች ላይ እየተገኙ የዋጋ ዝርዝራቸውን ይመልከቱ። የእርስዎ መነሻ ከገበያው ብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ መፍትሔው ወጪን መቀነስ፣ አነስተኛ መጠን ያላቸውን ሥራዎችና ሕትመቶችን መጨመር፣ ወይም ከላይ የተጠቀሱትን ሌሎች ገቢዎች ማስፋት ነው። ዋጋውን አንዴ ከወሰኑ በኋላ በመጠን ያስሩት፤ ማለትም ርዝመትና ስፋቱን ደምረው በአንድ ቋሚ ቁጥር ያባዙ። ይህን የሚያደርግ ሰዓሊ ስልክ ላይ «ስንት ነው?» ሲባል አይደናገርም፤ የጠያቂውን መኪና አይቶም ዋጋ አይቀይርም።

ጓደኞቼና ዘመዶቼ በነጻ ወይም በቅናሽ ይጠይቁኛል።

ስጦታ መስጠት ከፈለጉ በሙሉ ፈቃድ ይስጡ፤ ለሠርግ ወይም ለልደት የተሰጠ ትንሽ ሥራ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ስምዎን ያስተዋውቃል። ሽያጭ ከሆነ ግን ደረሰኙ ላይ ሙሉውን ዋጋ ጽፈው ቅናሹን ለብቻው ያሳዩ። በዚህ መንገድ ገዢው ምን እንደተደረገለት ያውቃል፤ ለሌላ ሰው ሲናገርም የቅናሹን ዋጋ እንደ መደበኛ ዋጋ አያወራውም።

ጋለሪዎች ምን ያህል ይወስዳሉ? ሥራዬንስ በአደራ ስሰጥ ምን ልጠንቀቅ?

ድርሻቸው እንደየጋለሪው ይለያያል፤ ከመቶ 30 እስከ 50 የሚደርስ ድርሻ በአገር ውስጥም በውጭም የተለመደ ነው። ይህን እንደ ዝርፊያ የሚቆጥሩ ሰዓሊያን አሉ፤ እኔ ግን ጥያቄው መሆን ያለበት ጋለሪው ለዚያ ድርሻ ምን ይሠራል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ገዢዎችን በስም የሚያውቅ፣ ካታሎግ የሚያሳትም፣ ሥራውን ወደ ውጭ ገበያ የሚወስድ ጋለሪ ግማሹን ቢወስድ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በአዲስ አበባና በለንደን የሚሠራው አዲስ ፋይን አርት የኢትዮጵያ ሰዓሊያንን በዓለም አቀፍ የጥበብ ገበያዎች ላይ ማቅረቡ ለዚህ ምሳሌ ነው። ግድግዳ ብቻ አከራይቶ፣ የመብራትና የመጋበዣ ወጪውን በሰዓሊው ላይ ጥሎ፣ በዚያ ላይ 40 በመቶ የሚጠይቅ ቦታ ግን በደንብ ሊጠና ይገባል።

በአደራ የሚሰጥ ሥራ ሁሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሰዓሊው ስድስት ሸራ በላዳ ጭኖ ያደርሳል፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ ከዓመት በኋላ ባለቤቱ ተለውጧል ወይም ቤቱ ፈርሷል፣ ሁለቱ ሸራዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ይህን የሚያስቀረው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የየሥዕሉ ርዕስ፣ መጠን፣ የተሠራበት ዓመትና የሽያጭ ዋጋ ከፎቶግራፉ ጋር ይቀመጥ፤ የጋለሪው ድርሻ፣ ቅናሽ ቢደረግ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ፣ ከሽያጭ በኋላ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ሥራው ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል፣ አደራው የሚያበቃበት ቀንም ይጻፍ። ሁለቱም ወገኖች ፈርመው አንዳንድ ቅጂ ይያዙ። በእያንዳንዱ ሸራ ጀርባም ስምዎን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱንና የተሠራበትን ቁስ ይጻፉ፤ ይህ ልማድ ከእርስዎ ዘመን በኋላም ሥራውን ለሚያጠኑ ሰዎች ያገለግላል።

አንድ ነገር ግን በሰዓሊው በኩል ሊጠበቅ ይገባል። ጋለሪ ውስጥ 100 ሺህ የተለጠፈበትን ሥዕል ያየ ገዢ ወደ ስቱዲዮዎ መጥቶ «በቀጥታ በ60 ሺህ ስጠኝ» ሲል አይቀበሉ። ለአንድ ቀን የጠቀመ ቢመስልም ጋለሪው ማወቁ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላም ማንም በእምነት አይይዝዎትም። ዋጋው በስቱዲዮም በጋለሪም አንድ ይሁን።

ካፌና ሆቴል ውስጥ መስቀልስ?

ለጀማሪ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም የምግብ ጭስና የቀጥታ ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ላይ አይስቀሉ፣ የአደራ ወረቀቱንም አይተዉ። ሦስት ወር ተሰቅሎ የጠየቀ ሰው ካልመጣ ሥራውን ይመልሱ፤ አለበለዚያ ሥዕሉ የቤቱ ማስዋቢያ ሆኖ ይቀራል።

ትዕዛዝ ሲመጣ ቀብድ ምን ያህል ልቀበል? ደንበኛው ቢያፈርስስ?

ግማሹን አስቀድሞ መቀበል የተለመደና ተገቢ ነው፤ ለትልልቅ የግድግዳ ሥራዎች ደግሞ ክፍያውን በሦስት መክፈል ይቻላል፤ ሲጀመር፣ ንድፉ ሲጸድቅና ሲያልቅ። እዚህ ላይ ብዙ ሰዓሊያን የማያስተውሉት ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ በደነገገው መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ከተወ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ የተቀበሉት ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ቅድመ ክፍያ የሚለውን አስበውበት ይጻፉ። በመሐል ቢታመሙ ወይም ሥራው ከአቅም በላይ ቢሆን የ50 ሺህ ብሩ ቀብድ 100 ሺህ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላልና።

ከገንዘቡ በላይ ግንኙነትን የሚያበላሸው የማሻሻያ ጥያቄ ነው። የቁም ምስል ያዘዘች ደንበኛ «አፍንጫው ትንሽ ይቀነስ» ትላለች፤ ተቀንሶ ሲመጣ ባለቤቷ «እኔን አይመስልም» ይላል፤ ሰዓሊው አራተኛ ጊዜ ሲነካው የቀለሙ ትኩስነት ጠፍቷል፣ ሁሉም ቅር ተሰኝቷል። መፍትሔው በሥራው መጀመሪያ ላይ ነው። በእርሳስ የተሠራውን ንድፍ አስፈርመው ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ማሻሻያ ያለ ክፍያ እንደሚደረግ፣ ከዚያ በላይ ለሚሆነው በሰዓት ወይም በቀን ምን እንደሚከፈል ይጻፉ። ሥራው ሲያልቅ ሙሉ ክፍያው ሳይጠናቀቅ አያስረክቡ። «ነገ በቴሌብር እልክልሃለሁ» በሚል ቃል የተረከበ ሥዕል ገንዘቡ ሳይመጣ ለወራት ሲያስሮጥ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ሥዕሉን ከሸጥኩ በኋላ የቅጅ መብቱ የማን ነው?

በራስዎ ተነሣሥተው የሠሩትን ሥዕል ሲሸጡ ገዢው የገዛው ሸራውን ነው፤ የማባዛትና የማሳተም መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈ በስተቀር ከእርስዎ ጋር ይቀራል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን የሚሰጠው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ መብቱን ለማግኘት ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የጥበቃው ዘመን የሠዓሊው ዕድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ይህ መብት ለልጆችዎ የሚተርፍ ንብረት ነው። ለፎቶግራፍ ሥራዎች ግን 25 ዓመት ብቻ መሆኑን ፎቶግራፍ አንሺዎች ሊያስተውሉ ይገባል።

በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶና አሳትሞ የመጠቀም መብቱ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ እንደሆነ አዋጁ ይደነግጋል። አንድ ድርጅት ለቢሮው ግድግዳ ያዘዘውን ሥዕል በዓመቱ በቀን መቁጠሪያ፣ በቲሸርትና በሰላምታ ካርድ ላይ ሲያትመው ሰዓሊው ተገርሞ ይጮኻል፤ ውሉ ዝም ካለ ግን የሚከራከርበት መሠረት የሳሳ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ይለውጠዋል፦ «የዚህ ሥራ የቅጅ መብት የሠዓሊው ሆኖ ይቀራል፤ አዛዡ ሥራውን በተጠቀሰው ቦታ የመስቀል መብት አለው።» ይህን ዓረፍተ ነገር በሁሉም የትዕዛዝ ወረቀትዎ ላይ አስቀድመው አሳትመው ይያዙ። አዛዡ ማባዛትም ከፈለገ፣ ለዚያ የሚከፈለው ለብቻው ተሰልቶ ይግባ። በሥራው ላይ በስም የመጠራትና ሥራው ተዛብቶ እንዳይቀርብ የመቃወም የሞራል መብት ግን ከሠዓሊው ጋር የሚቆይ ነው።

የቀለም ዋጋ አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

አክሪሊክና የዘይት ቀለም ከውጭ የሚገቡ እንደመሆናቸው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ቀድሞ የሚደርሰው ሰዓሊው ዘንድ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ብዙ ስቱዲዮዎች ትልቅ ሸራ መሥራት ለጊዜው አቁመዋል። የከተማው ሰዓሊያን ከዘመናት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ አቡጀዴ ወጥሮ በኮላና በነጭ የግድግዳ ቀለም ማንጠፍ ነው፤ ለልምምድና ለጥናት ይሠራል። ለሚሸጥ ሥራ ግን በርካሽ የግድግዳ ቀለም የተነጠፈ ጨርቅ ከጊዜ በኋላ ሊቢጭና ሊሰነጣጠቅ ስለሚችል ቁጠባውን በሌላ በኩል ይፈልጉ። ለምሳሌ ከሦስትና ከአራት ባልደረቦች ጋር ተዋጥቶ ትላልቅ ጣሳ መግዛት፣ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ በኪሎ የሚመዝኑ ስጦታዎች ፋንታ ጥቂት ዋና ዋና ቀለሞችን እንዲይዝ መጠየቅ፣ በቀለማት ቁጥር መቆጠብ ይቻላል፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ቢጫና ነጭ የያዘ ሰው የማይቀምመው ጥቂት ነው።

ሌላው መንገድ ቁሱን ራሱን መለወጥ ነው። ኤልያስ ስሜ በክር፣ በቁልፍና ኋላም በተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሠራቸው ሥራዎች ዓለም አቀፍ ሙዚየሞች ደርሰዋል። ሆኖም እርሱ ቁሱን ለዓመታት አጥንቶ የራሱ አድርጎታልና፣ ቀለም ስለተወደደ ብቻ ያገለገሉ ዕቃዎች ወደሚሸጡበት ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ መሄድ ያንኑ ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ከውጭ አገር በኢሜይል የሚመጡ የግዢ ጥያቄዎችን ልመን?

ከእነዚህ ብዙዎቹ ማጭበርበሪያ ናቸው። አንዱ ዓይነት ገዢ ነኝ ባይ ነው፤ ስለ ሥዕሉ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሙሉውን ዋጋ ይስማማል፣ «ለባለቤቴ ድንገተኛ ስጦታ ነው» ይላል፣ ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ልኬያለሁ ብሎ ትርፉን ለአጓጓዥ እንዲልኩለት ይጠይቃል። ቼኩ ውሎ አድሮ የማይከፈል ይሆናል፤ የላኩት ገንዘብ ግን አይመለስም። ሁለተኛው ዓይነት በአውሮፓ ከተማ ዓውደ ርዕይ እናዘጋጅልዎ የሚልና የመሳተፊያ ክፍያ የሚጠይቅ ነው። በሥራዎ ሽያጭ ሳይሆን በእርስዎ ክፍያ የሚተዳደር ቦታ ሥራዎን ለመሸጥ የሚያስቸኩለው ምክንያት የለም። እውነተኛ ገዢ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መጠኑ፣ ስለ ሥራው ሐሳብ ይጠይቃል፤ የባንክ ዝውውር እስኪረጋገጥ መጠበቅም አያስከፋውም።

ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል በዘመድና በጓደኛ በኩል የሚመጡ የወገን ገዢዎች ግን ከጠንካራ ደንበኞች መካከል ናቸው። ብዙዎቹ የሚገዙት በክረምቱ ወይም በገናና በጥምቀት ሰሞን አገር ቤት ሲመጡ ስለሆነ፣ ለእነዚያ ወራት በሻንጣ የሚገባ መጠን ያላቸውን ሥራዎች አስቀድመው ያዘጋጁ።

ሥዕል ወደ ውጭ ሲላክ ምን ያስፈልጋል?

በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አዲስ የተሠራ ሥዕል ቅርስ ባይሆንም፣ በተለይ በጥንታዊው አሣሣል የተሠራ ከሆነ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከመጓዙ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ሥዕሉን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ የመውጫ ወረቀት ይያዝ፤ እርስዎም የሽያጭ ደረሰኝና ሥራው የተሠራበትን ዓመት የሚገልጽ የፈረሙበት የምስክር ወረቀት ይስጡት።

አጠቃለሉን በተመለከተ፣ ሸራው ከፍሬሙ ተፈትቶ ሲጠቀለል የተቀባው ገጽ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨምቆ ይጨማደዳል። ሰፋ ያለ የፒቪሲ ቱቦ ከጠባቡ ይመረጣል። አክሪሊክ በቅዝቃዜ ስለሚጠነክርና ስለሚሰባበር፣ በብርድ ወራት የሚደርሰው ገዢ ሥራውን ከመፍታቱ በፊት ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ እንዲያሳድረው ይንገሩት። ያልደረቀ የዘይት ቀለም ጨርሶ አይጠቀለል።

ግብርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሰዓሊ ያስፈልጋሉ?

ያስፈልጋሉ። ባንኮች፣ ሆቴሎች፣ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲከፍሉ ግብር ቀንሰው የማስቀረት ግዴታ አለባቸው፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 የመለያ ቁጥር ላላቀረበ አቅራቢ ከክፍያው 30 በመቶ እንዲቀነስ ደንግጓል። የ200 ሺህ ብር ትዕዛዝ ላይ ይህ 60 ሺህ ብር ማለት ነው። መለያ ቁጥር ያለው ሰው የሚቀነስበት እጅግ ያነሰ ከመሆኑም በላይ፣ ደረሰኙን ይዞ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው ግብር ላይ ያስቀንሰዋል። የቀለም፣ የሸራ፣ የፍሬምና የኪራይ ደረሰኞችን በየወሩ በአንድ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ወጪን ማስረዳት የሚቻለው በእነርሱ ነው።

ሽያጭ በሌለበት ወር እንዴት ልኑር?

ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የተወሰነ ክፍል፣ ቢቻል ሲሶውን፣ ገንዘቡ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩ። እቁብ የሚጥሉ ሰዓሊያን አሉ፤ ገቢዎ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን የሳምንት እቁብ ከሚጠቅምዎ በላይ ሊያስጨንቅዎ ስለሚችል የወሩን፣ ያውም በአነስተኛ መጠን ይምረጡ። ቅጥር ለሌላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀውን የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በወረዳዎ ጠይቀው ይመዝገቡ፤ የአንድ ሰዓሊ ስቱዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በአንድ የሆስፒታል ወጪ ነው።

ሥዕሌ ያለፈቃዴ ታትሞ ሲሸጥ ባገኝስ?

መጀመሪያ ማስረጃ ይሰብስቡ። የታተመውን ዕቃ ከነደረሰኙ ይግዙ፣ ፎቶ ያንሡ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ፤ ከዚያ የእርስዎን ቀዳሚነት የሚያሳዩ ንድፎችን፣ በሥራ ላይ ሳሉ የተነሡ ፎቶግራፎችንና የዓውደ ርዕይ ካታሎጎችን ያዘጋጁ። ቀጥሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላኩ። በርካታ ጉዳዮች እዚህ ላይ በካሣ ያበቃሉ፤ አሳታሚው ሥዕሉን ከኢንተርኔት ሲያወርድ ባለቤት እንዳለው ያላሰበ ሊሆን ይችላል። እምቢ ካለ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ምዝገባ ለመብቱ ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም ለማስረጃነት ይጠቅማልና፣ ዋና ዋና ሥራዎችዎን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስቀድመው ማስመዝገብ በክርክሩ ጊዜ ድካምዎን ያቀልልዎታል።